ከግንቡ ወጥ ቤት የተነሣ ትምህርት፤ የባዮኬሚስትሪ ታሪክ ባጭሩ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ከወላጅም ከዘመድም የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ልትማር ነው?» የሚል ነው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ እሆናለሁ ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ ጠያቂው ደስ ይለዋል፤ ይመርቀዋልም። ባዮኬሚስትሪ እማራለሁ ያለ እንደ ሆነ ግን ጠያቂው ጥቂት ዝም ይልና «እርሱ ደግሞ ምን ሥራ ያሠራል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጁን ለማስተማር ብዙ የደከመ ወላጅ ድካሙ ምን እንደሚያፈራ ሊያውቅ ይገባዋልና። ስለዚህ በዚህ በተማሪ ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ይህ ትምህርት ከየት እንደ ተነሣ፣ እነማን እንደ ደከሙበትና ለሰው ልጅ ምን እንዳተረፈ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባዮኬሚስትሪ ማለት ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት የተሠሩባቸውን ሞለኪውሎች የሚመረምር ትምህርት ነው። የበላነው እንጀራ እግራችን የሚራመድበትን ኀይል እንዴት ይሰጣል? እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ለምን ይረጋል? የአባት መልክ ወደ ልጅ በምን ይተላለፋል? የዚህ ትምህርት ጥያቄዎች እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ተማሪው በዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ሒሳብን ያጠናል። ከዚያ በኋላ ፕሮቲኖችን፣ የስኳርንና የስታርችን ወገን፣ ቅባቶችንና ኑክሊክ አሲዶችን በየተራ ይማራል። ቀጥሎም በሰውነት ውስጥ የሚደረገውን የኬሚስትሪ ሥራ የሚያፋጥኑት ኤንዛይሞች እንዴት እንደሚሠሩ ያጠናል። ግማሹ ትምህርት በመጽሐፍ፣ ግማሹ ግን በላቦራቶሪ ውስጥ በእጅ የሚሠራ ነው።

ከ200 ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ትምህርት በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ በእንስሳና በዕፀዋት አካል ውስጥ የሚገኙት ነገሮች በልዩ የሕይወት ኀይል ካልሆነ በቀር በሰው እጅ ሊሠሩ አይችሉም ብለው ያምኑ ነበር። በ1828 ግን ፍሪድሪኽ ቮለር የተባለ የጀርመን ኬሚስት በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ የሚባለውን ነገር ከኬሚካሎች ሠርቶ አወጣ። ለቀድሞ መምህሩ ለበርዜሊየስም ያለ ሰውና ያለ ውሻ ኩላሊት ዩሪያን ለመሥራት እንደ ቻለ ጻፈለት። አንድ ሙከራ የሰውን ሁሉ አሳብ በአንድ ቀን አይለውጥም። ነገር ግን በሩ ተከፈተ፤ ሕያው አካልም በኬሚስትሪ ሚዛን ሊመዘን እንደሚችል ታወቀ።

ቱቢንገን በምትባል የጀርመን ከተማ በኮረብታ ላይ የተሠራ አሮጌ ግንብ አለ። ቀድሞ ለመሳፍንቱ ምግብ ይበስልበት የነበረው የግንቡ ወጥ ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ሆነ። በዚህ ቤት ከ1861 እስከ 1872 ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር የተባለ ፕሮፌሰር ያስተምር ነበር። ደምን ቀይ የሚያደርገውንና ከሳምባ አየር ተሸክሞ የሚሄደውን ነገር ሄሞግሎቢን ብሎ በ1864 ስም ያወጣለት እርሱ ነው።

በ1868 ወደዚህ ወጥ ቤት ፍሪድሪኽ ሚሸር የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ከስዊስ አገር መጣ። ሚሸር የሐኪም ልጅ ነበረ፤ ራሱም የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ነበር። ነገር ግን በልጅነቱ በያዘው ሕመም ምክንያት ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበርና የበሽተኛውን ቃልና የደረቱን ድምፅ አድምጦ ማከም አስቸጋሪ ሆነበት። ስለዚህ የሕዋስን ኬሚስትሪ ለመመርመር ቈረጠ።

ለምርመራው የሚያስፈልገውን ነገር ያገኘው ሰው ሁሉ ከሚጸየፈው ቦታ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚጣለውን መግል የነካ ፋሻ እየተቀበለ በጨው ውኃ አጠበው፤ መግል በአብዛኛው ነጭ የደም ሕዋሳት ነውና። ከዚያም ከአሳማ ጨጓራ ባወጣው ፔፕሲን የሕዋሱን ፕሮቲን አሟሟና መካከለኛውን አስኳል ለየ። በአስኳሉ ውስጥ ያገኘው ነገር እንደ ፕሮቲን አልነበረም፤ ፎስፎረስ በብዛት ይገኝበት ነበር። ሚሸር በ1869 ይህን ነገር ኑክሊን ብሎ ጠራው። ዛሬ ዲ ኤን ኤ የምንለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነገር ይህ ነው።

የመምህሩም አሠራር ሊታወስ ይገባዋል። ሆፐ-ዛይለር የተማሪውን ጽሑፍ ሲያይ ነገሩ እጅግ አዲስ ስለ ሆነበት ሙከራውን በገዛ እጁ ደግሞ እስኪሠራው ድረስ እንዲታተም አልፈቀደም። ጽሑፉ የታተመው በ1871 ነው። ሁለት ዓመት መጠበቅ ለወጣት መርማሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም አንድ ነገር እውነት ነው የሚባለው ሌላው ሰው ደግሞ ሲሠራው ያው ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ሚሸር ወደ አገሩ ወደ ባዝል ተመልሶ በራይን ወንዝ ከሚጠመደው ሳልሞን ከተባለው ዓሣ ያንኑ ነገር ማውጣት ቀጠለ። ኑክሊን በሙቀት ይበላሽ ስለ ነበረ በክረምት ብርድ እሳት በሌለበት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1895 በሳምባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 51 ዓመት ነበረ። ያገኘው ነገር ለምን ሥራ እንደሚውል ሳያውቅ ነው የሞተው።

ሆፐ-ዛይለር ግን ለትምህርቱ ቤት ለመሥራት ይታገል ነበር። በ1872 ወደ ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1877 የፊዚዮሎጂ ኬሚስትሪ መጽሔት አቋቁሞ ይህ ትምህርት ራሱን የቻለ መሆን እንደሚገባው በመጀመሪያው ገጽ አስታወቀ። በቦን ያስተምር የነበረው ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፍሉገር ግን ተቃወመው። ነገሩ የፊዚዮሎጂ ክፍል ነው፤ ለብቻው ሊቆም አይገባውም አለ። ስለዚህ ባዮኬሚስትሪ ለብዙ ዘመን በሁለት ዘመዶች ቤት በጥገኝነት እንደሚያድግ ልጅ ሆኖ ቆየ። ሐኪሞቹ ኬሚስትሪ ነው ይሉታል፤ ኬሚስቶቹ ደግሞ ሕክምና ነው ይሉታል።

የቀጠለውን እርምጃ ለመረዳት ለኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሀገራችን ማንኛዪቱም እናት ሊጥ ስታቦካ እርሾ ትጨምርበታለች፤ ሊጡም አረፋ እያወጣ ይነሣል። ይህን የሚያደርገው ምንድን ነው? የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር መፍላት የሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ሕይወት ከሌለ መፍላት የለም የሚለው አሳብም ጸንቶ ቆየ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኤድዋርድ ቡኽነር የተባለ የጀርመን ኬሚስት የቢራ እርሾን ከአሸዋና ከደቃቅ አፈር ጋር በሙቀጫ ፈጭቶ፣ በመጭመቂያም አጥብቆ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሕዋስ የሌለበትን ጭማቂ አወጣ። ጭማቂው የተፈለገው ወንድሙ ሐንስ ለመድኃኒት ምርምር ሊጠቀምበት ስለ ነበረ ነው። እንዳይበላሽም ፍሬ በስኳር እንደሚቀመጥ ሁሉ ብዙ ስኳር ጨመሩበት። ስኳሩ የገባበት ጭማቂ ግን አረፋ ማውጣት ጀመረ፤ ስኳሩም ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለወጠ። ሕዋሱ ተፈጭቶ ሳለ ሥራው አልቆመም ነበር። ቡኽነር ይህን በ1897 አሳተመ፤ በ1907ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የሕይወትን ሥራ በጠርሙስ ውስጥ አንድ በአንድ ከፍሎ መመርመር የሚቻል ሆነ።

በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በ1902፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1914 በባዮኬሚስትሪ ስም የፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቋመ። የካምብሪጁ የመጀመሪያ ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ ነው። እርሱ በ1912 ባሳተመው ጽሑፍ የሚከተለውን አሳየ። የአይጥ ግልገሎች ንጹሕ ፕሮቲን፣ ስታርች፣ ቅባትና ጨው ብቻ ሲመገቡ ዕድገታቸው ይቆማል። በየቀኑ ጥቂት ወተት ሲጨመርላቸው ግን ያድጋሉ። በወተቱ ውስጥ ያለው፣ በመጠን እጅግ ጥቂት የሆነው አስፈላጊ ነገር ኋላ ቪታሚን ተባለ። ሆፕኪንስ ስለዚህ ሥራው በ1929 የኖቤል ሽልማትን ከሆላንዳዊው ከአይክማን ጋር ተካፈለ። በ1924 ለትምህርቱ የተለየ ሕንፃ በካምብሪጅ ተከፈተ። የሌሎች ብዙ የምርምር ቤቶች በር ለሴቶች ጠባብ በነበረበት ጊዜ ሆፕኪንስ ሴቶች ተመራማሪዎችን ይቀበል ነበር። ከእነርሱም አንዷ ማርጆሪ ስቲቨንሰን በ1945 ወደ እንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመረጡት ሁለት ሴቶች መካከል ሆነች።

እስከዚህ ያነበበ ወላጅ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሽተኛን የሚያድነው ሐኪሙ አይደለምን?» ሊል ይችላል። ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚሻለው መልስ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የሆነው ነገር ይመስለኛል። በ1921 ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሁለት ሰዎች በፕሮፌሰር ማክላውድ ላቦራቶሪ ከውሻ ቆሽት የስኳርን በሽታ የሚያስታግሥ ጭማቂ አወጡ። በዚያ ዘመን ይህ በሽታ የያዘው ሕፃን ተስፋ አልነበረውም። ሐኪሞቹ የምግቡን መጠን አሳንሰው ዕድሜውን በጥቂቱ ከማራዘም በቀር የሚያደርጉለት ነገር አልነበረም። በጥር ወር 1922 በ11ኛው ቀን ሊዮናርድ ቶምሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ያ ጭማቂ በመርፌ ተሰጠው። ጭማቂው ግን ንጹሕ አልነበረምና ብዙም አልረዳውም፤ የተወጋበትም ቦታ አበጠ። ሐኪሞቹ አልሰነፉም፤ መርፌውም አልተሳሳተም። የጐደለው ኬሚስትሪው ነበረ።

በላቦራቶሪው ውስጥ ጄምስ ኮሊፕ የሚባል ባዮኬሚስት ነበረ። እርሱ በአልኮል መጠን እየለካ የማይፈለገውን ፕሮቲን አስወግዶ የሚፈለገውን ለብቻው የሚያወጣበትን መንገድ አገኘ። ከ12 ቀን በኋላ፣ በጥር 23፣ ያ ልጅ ኮሊፕ ያጠራውን ኢንሱሊን ተሰጠው። በዚህ ጊዜ በደሙና በሽንቱ ውስጥ ያለው ስኳር ቀነሰ፤ ልጁም በረታ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ሐኪም ቤቱ ያው፣ በሽተኛው ያው፣ በሽታውም ያው ነበር። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መርፌ መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ባዮኬሚስት የ12 ቀን ድካም ነው። ሐኪሙ በእጁ የሚይዘው መድኃኒት አስቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ተጣርቶ፣ ተመዝኖና ታውቆ የመጣ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ለማወቅ የደከመው ፍሬድሪክ ሳንገር ነው። ሳንገርም እንደ ሚሸር የሐኪም ልጅ ነበረ፤ ሐኪም ለመሆንም አስቦ ነበር። ነገር ግን የአባቱን ኑሮ ሲያይ ሐኪም ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲሮጥ አንድን ጥያቄ ብቻ ይዞ መኖር እንደማይችል ተረዳ። በ1936 ካምብሪጅ ገብቶ ከሚማራቸው ትምህርቶች መካከል ባዮኬሚስትሪን መረጠ። በተማሪነቱ ዘመን አባቱም እናቱም ሞቱበት፤ እርሱ ግን ትምህርቱን አልተወም።

ሳንገር የጠየቀው፣ ኢንሱሊን የተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች በምን ተራ እንደ ተሰካኩ ነው። መንገዱን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ጽሑፍ በብዙ ቅጂ ተገልብጦ እያንዳንዱ ቅጂ በልዩ ልዩ ቦታ ቢቀደድ፣ ቍርጥራጮቹን ያገኘ ሰው የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ እያመሳከረ ሙሉውን ቃል ሊያነብ ይችላል። ሳንገርም የከብትን ኢንሱሊን በአሲድና በኤንዛይም እየሰባበረ፣ የእያንዳንዱን ስባሪ ጫፍ በቢጫ ቀለም እያመለከተ አነበበው። አሥር ዓመት ያህል ደክሞ በ1955 ሥራው ተፈጸመ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች በሁለት ሰንሰለት፣ አንዱ በ21 አንዱ በ30፣ ተያይዘው የሚገኙበት መሆኑ ታወቀ። በ1958 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በ1980 ደግሞ በዲ ኤን ኤ ላይ ስለ ሠራው ሥራ ሁለተኛውን ተካፈለ። ተራው በመታወቁም በ1978 በባክቴሪያ ውስጥ የሰው ኢንሱሊን ለመሥራት ተቻለ፤ በ1982 ለበሽተኞች እንዲሰጥ ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ኢንሱሊን የሚወጣው ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት ነበር።

ሚሸር ከፋሻ ላይ አጥቦ ያወጣው ነገርስ ምን ሆነ? በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪና ጓደኞቹ በኒው ዮርክ የዘር ጠባይን የሚያስተላልፈው ፕሮቲን ሳይሆን ዲ ኤን ኤ መሆኑን በባክቴሪያ አሳዩ። በ1953 ደግሞ ዋትሰንና ክሪክ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በኤክስ ሬይ ካገኘችው ማስረጃ ጭምር ተረድተው፣ ቅርፁ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል መሆኑን አስታወቁ። ከግንቡ ወጥ ቤት እስከ ኤቨሪ ጽሑፍ 75 ዓመት ነው። ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ወጣት ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ የዘራውን ሌላ ሰው ሊያጭደው ይችላልና።

ይህ ነገር ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስል አንዲት በእኛ ዘመን ያለች ሴት ልጥቀስ። ካታሊን ካሪኮ በ1955 በሀንጋሪ አገር ተወለደች። አባቷ ሥጋ ሻጭ ነበረ፤ ያደገችበት ቤትም የቧንቧ ውኃ አልነበረውም። በሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በ1982 በባዮኬሚስትሪ ዶክተር ሆነች። በ1985 ለምርምሯ የሚሰጠው ገንዘብ በመቋረጡ ከባሏና ከሁለት ዓመት ሴት ልጇ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደች። መኪናቸውን ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ በልጅቱ አሻንጉሊት ውስጥ ሰፍተው ነው የሄዱት። የምትመረምረው አር ኤን ኤ የሚባለውን፣ የዲ ኤን ኤን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰውን ሞለኪውል ነው። ለዚህ ምርምር ገንዘብ የሚሰጥ እየጠፋ በ1995 ከነበረችበት የሥራ ደረጃ ዝቅ ተደረገች። እርስዋ ግን አልተወችውም። በ2005 ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆና፣ ከአር ኤን ኤ ክፍሎች አንዱን በጥቂቱ በመለወጥ ሰውነት እንደ ጠላት ቈጥሮ እንዳይቈጣው ለማድረግ እንደሚቻል አሳተመች። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲያስጨንቅ ከዚህ ዕውቀት ክትባት ተሠራ። በ2023 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከሀገራችንም ምሳሌ አለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሲመራመሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ አማካይነት ነውና ነገሩን ቸል አላሉትም። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው፣ ቀንድ አውጣንም የሚገድለው ሳፖኒን የሚባል የሞለኪውል ወገን ነው። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለዚህ ሥራቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። በፍሬው ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ፣ መጠኑን ለክቶ፣ ለሰውና ለዓሣ ጉዳት ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ግን የተማረ እጅ ያስፈልጋል። የእናቶች ዕውቀትና የላቦራቶሪ ዕውቀት የሚገናኙበት ቦታ ይህ ነው።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህ ትምህርት ምን ሥራ ያሠራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እነሆ። በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ደምን የሚመረምር፣ መድኃኒትና ምግብ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ በእርሻ ምርምር ጣቢያ የእህልን ጠባይ የሚያጠና፣ ለወደፊቱ ሐኪሞች የሰውነትን ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ከዚህ ትምህርት የተካፈለ ነው። ስሙ በሰፈር ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ኮሊፕንም ከባንቲንግ ይልቅ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ሐኪም ለመሆን የተጠራ ሐኪም ይሁን፤ ሕዝባችን ሐኪሞች እጅግ ያስፈልጉታል። ነገር ግን በክፍላችን ውስጥ መድኃኒቱን ከመስጠት ይልቅ መድኃኒቱ ለምን እንደሚያድን ማወቅ የሚያስጨንቀው ተማሪ ካለ፣ በዚህ አሳቡ አይፈር። ከበሽተኛው ርቆ የሄደ አይምሰለው። ሊዮናርድ ቶምሰን በመጀመሪያው መርፌ ያልዳነበትን፣ በሁለተኛው የበረታበትን ምክንያት ያስብና ኬሚስትሪውንና ሒሳቡን በትጋት ያጥና።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ